ደጋ ተወልደን ያደግን ሰዎች ሄሞግሎቢናችን ለምን እንደ ፔሩዎቹ አይጨምርም?

የደባርቋ፦
ሰላም ለሁላችሁ፣ እዚህ የላብራቶሪና የጤና ሰዎች ስላላችሁ ነው የምጠይቀው። እኔ ደባርቅ ነው ያደግኩት፣ አሁን ሜሪላንድ ነኝ። ስራ ቦታ ከፔሩ የመጣ ልጅ አለ፣ አገሩ ወደ 4000 ሜትር ከፍታ ላይ ነው፣ እነሱ ጋ የወንድ ሄሞግሎቢን (ቀይ ደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው) 18 19 ቢወጣ ማንም አይደነግጥም፣ አየሩ ስስ ስለሆነ ሰውነት ቀይ ደም ያበዛል አለኝ። እኔም የተማርኩት ይሄንኑ ነው። ግን አባቴ እድሜውን ሙሉ ከደባርቅ ወርዶ አያውቅም፣ ሲመረመር 15 ከምናምን ነው የወጣው። ታዲያ የኛ ደም ለምን አይወፍርም? እህቴ ደግሞ ደብረ ብርሃን 12.8 ወጥቶላት ደም ማነስ አለብሽ ብለው የብረት ኪኒን ሰጧት፣ የሴት መነሻው 12 አይደለም እንዴ?? ግራ ገባኝ

ላብ ሰው፦
አባትሽ ምንም የለባቸውም፣ አይዞሽ። ይሄ እኮ በደንብ የተጠና ነገር ነው። ሲንቲያ ቢል የምትባል አሜሪካዊት አንትሮፖሎጂስት ከነባልደረቦቿ ሰሜን ተራራ ላይ 3530 ሜትር ላይ የሚኖሩ ሰዎችን ለክታ እ.ኤ.አ. በ2002 አሳትማለች። የወንዶቹ አማካይ 15.9 የሴቶቹ 15.0፣ ማለት ባህር ጠረፍ ላይ ካለ ሰው ብዙም አይለይም። ከዛ በላይ ተመራማሪዎቹን የገረማቸው ደግሞ የሰዎቹ ሄሞግሎቢን ምን ያህሉ ኦክስጅን እንደያዘ ነው፣ 95.3 ፐርሰንት። ቲቤቶቹም ሄሞግሎቢናቸው ዝቅ ያለ ነው፣ ወንዶቹ 15.6 አካባቢ፣ ግን እነሱ ደማቸው ውስጥ ያለው ኦክስጅንም አብሮ ዝቅ ይላል። አንዲስ ላይ ያሉት አይማራዎች ወንዶቹ 19.2። ሶስት ተራራ ሶስት መልስ!

ደግሞ ደም መወፈሩ ጥሩ እንዳይመስልሽ። ኩላሊት ኦክስጅን ያነሰ ሲመስለው ኢፒኦ የሚባል ሆርሞን ይለቃል፣ መቅኒ ቀይ ሴል ማምረት ይጀምራል፣ ሲበዛ ግን ልብ ያንን ወፍራም ደም መግፋት ያቅተዋል። ፔሩ ውስጥ ካርሎስ ሞንሄ የሚባል ሀኪም እ.ኤ.አ. በ1925 የገለጸው በሽታ አለ፣ ሄሞግሎቢን በወንድ 21 ሲደርስ በሴት 19 ሲደርስ ነው የሚባለው፣ ራስ ምታት፣ እንቅልፍ ማጣት፣ ከንፈር መጥቆር። የስራ ባልደረባሽ 19 ኖርማል ነው ያለው እሱ አገር የተለመደ ስለሆነ ነው እንጂ ከችግር ነጻ ስለሆነ አይደለም።

ጎበዙ7፦
ሃሃሃ ለዛ ነዋ ሩጫ ላይ የማንቻለው፣ ደማችን ልዩ ነው 💪 አማራ ደሙ ራሱ ኦሪጅናል

ባሌ ሮቤ፦
@ጎበዙ7 ቀስ በል ወንድሜ። ቀነኒሳም ጥሩነሽም የቦቆጂ ልጆች ናቸው፣ ቦቆጂ ደሞ አርሲ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ ጥናት ሰሜን ተራራ ላይ ያሉ አማሮችንና ባሌ ተራራ 4000 ሜትር ላይ ያሉ ኦሮሞዎችን አወዳድሮ ነበር፣ የኛዎቹ የኦሮሞዎቹ ሄሞግሎቢን በግልጽ ከፍ ብሎ ነው የተገኘው። ተመራማሪዎቹ የሰጡት ምክንያት የዘር ጥራት ምናምን አይደለም፣ ጊዜ ነው። ኦሮሞ ወደዛ ከፍታ የወጣው ከ1500ዎቹ ወዲህ ነው፣ ሰሜን ተራራ ላይ ያለው ህዝብ ግን ቢያንስ 5000 ዓመት ኖሮበታል፣ በ500 ዓመት ጂን ብዙ አይለወጥም። ከኛ ሰፈር ሰው አንዱ ራሱ ደብረ ታቦር ቢወለድ የልጁን ጂን ደብረ ታቦር አይቀይረውም ማለት ነው።

ሌላ ደግሞ፣ ባሌ ላይ ፊንጫ ሃበራ የሚባል ዋሻ አለ፣ 3469 ሜትር፣ እዛ ሰው ከ47 ሺህ እስከ 31 ሺህ ዓመት በፊት ይኖር እንደነበረ ተገኝቷል፣ የሚበሉት ትልቁን የባሌ ፍልፈል ነበር (እኔ አልሞክረውም 😂)። ስለዚህ ማን ቀድሞ ደጋ ወጣ የሚለውን ክርክር ተዉት ባካችሁ።

ኬጢ፦
ጂኑስ ታወቀ? ቲቤቶቹ ጋ ኢፓስ-1 የሚባል ጂን እንዳለ አንብቤያለሁ ያውም ዴኒሶቫን ከሚባሉት ከጠፉት የሰው ዘሮች የመጣ

ላብ ሰው፦
@ኬጢ ልክ ነሽ፣ ቲቤት ላይ ኢፓስ-1 እና ኤግልን-1 በጉልህ ነው የወጡት፣ የዴኒሶቫኑ ነገር እ.ኤ.አ. 2014 ነው የታተመው። እኛ ጋ ሲፈለግ ግን እነሱ አልወጡም፣ ሌሎች ጂኖች ናቸው የተጠረጠሩት፣ ቫቭ-3፣ ኤአርኤንቲ-2፣ እና ከኦክስጅን ጋር የሚሰራው ቢኤችኤልኤችኢ-41። እንደ ቲቤቱ ይሄ ነው ብለህ የምትጠቁመው አንድ ጂን የለም። እና ይሄ የደጋው ነው፣ ቆላ ስትወርጂ ግን ቀይ ሴሉን የሚቀርጸው ወባ ነው። ምዕራብ አፍሪካ አብዛኛው ሰው ቀይ ሴሉ ላይ ደፊ የሚባለው ፕሮቲን የለውም፣ ቫይቫክስ የሚባለው የወባ አይነት በዛ በር ነው የሚገባው፣ ስለዚህ እዛ ቫይቫክስ ብዙም አይታይም። እኛ ጋ ያለውም የሌለውም ተደባልቆ ነው የሚኖረው፣ ለዛ ነው ቫይቫክስም ሌላው ፋልሲፓረም የሚባለው ወባም የሚያስቸግረን።

ነርስ ከደብረ ማርቆስ፦
የእህትሽን ነገር ማንም አልመለሰም እኮ። 12.8 ሆኖ ደም ማነስ የተባለው በከፍታ ማስተካከያ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የቆየው ሰንጠረዥ 2500 ሜትር ላይ ያለ ሰው ከውጤቱ 1.3 ይቀነስ ይላል፣ ደብረ ብርሃን ከዛም በላይ ስለሆነ 12.8 ሲቀነስ 11.5 ይሆናል፣ ከ12 በታች። ችግሩ ሰንጠረዡ የተሰራው ከፔሩና ከአሜሪካ ህጻናት መረጃ ነው፣ ደሙ ከከፍታ ጋር ለሚጨምር ህዝብ። ደሙ ብዙም ለማይጨምር ሰው ያንን ያህል ከቀነስሽ ጤነኛውን ሁሉ በሽተኛ ታደርጊያለሽ። ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ2024 ሰንጠረዡን አሻሽሏል ግን አሁንም ለሁሉም ህዝብ አንድ ነው። በኔ አስተያየት ደጋ ላይ በሄሞግሎቢን ቁጥር ብቻ ኪኒን መጻፍ ልክ አይደለም። ፌሪቲን (ሰውነት ያከማቸውን ብረት የሚያሳየው ምርመራ) ተሰርቶላታል?

የደባርቋ፦
አሁን ደውዬላት ወረቀቱን ፎቶ አንስታ ላከችልኝ፣ ኤምሲቪ 84 ይላል፣ ፌሪቲን የሚል ነገር የለበትም

ነርስ ከደብረ ማርቆስ፦
ኤምሲቪ የቀይ ሴሉ መጠን ነው፣ 84 ደህና ነው፣ ብረት ካነሰ ቆየት ሲል ሴሉ ትንንሽ ስለሚሆን ይወርድ ነበር። ግን ገና ሲጀምር ኤምሲቪ ላይ አይታይም ስለዚህ ፌሪቲን ታሰራ፣ ጉንፋን ወይ ሌላ ኢንፌክሽን ካላት ይለፋት ከዛ፣ ያኔ በውሸት ከፍ ስለሚል። ከ15 በታች ከሆነ ኪኒኑን ትቀጥል፣ ከዛ በላይ ከሆነ የጻፈላትን ሰው ውጤቱን ይዛ ታናግረው።