ጥቆማ፦ ጎንደር ላይ ነርሲንግ ለመማር የትኛው መንገድ ይሻላል?

ጠያቂ፦ በአካውንቲንግ ተመርቄ ዘጠኝ ዓመት ባንክ ከሠራሁ በኋላ ነርስ ለመሆን ቆርጫለሁ። ቤቴ አዘዞ፣ ሥራዬ ፒያሳ ሲሆን ልጅም አለችኝ። በግል ኮሌጅ የማታ ዲግሪ ልጀምር ወይስ በቴክኒክና ሙያ ደረጃ 4 ገብቼ በኋላ ወደ ዲግሪ ላሻሽል?

የማራኪዋ፦ እህቴ፣ ስሙን በማልጠራው ኮሌጅ ሁለት ዓመት ከከፈልሁ በኋላ ዕውቅናው የሌላ ከተማ ካምፓስ እንጂ የጎንደሩ አለመሆኑን ሰማሁ። ሬጅስትራሩ ደረሰኜ ጀርባ ላይ «በሂደት ላይ ነው» ብሎ የጻፈልኝን እስከ ዛሬ አስቀምጨዋለሁ።

ነባር ተማሪ፦ ከዩኒቨርሲቲያችን ወዲያ ምን ያስፈልጋል? በ1947 ዓ.ም. ሲከፈት ጀምሮ ጤና መኮንንን፣ የማኅበረሰብ ነርስንና የሳኒቴሽን ባለሙያን በአንድ ቡድን ያሠለጠነ ነው።

ታዛቢ፦ እህታችን የጠየቀችው ስለ ሰዓት ነበር፤ 1947 ልጇን ከትምህርት ቤት የሚያመጣላት ከሆነ ግን እኔም እስማማለሁ።

የአራዳው፦ ዲግሪ ካለሽ ለምን ሕክምና አትማሪም? በ2004 ዓ.ም. ለባለዲግሪዎች ተከፍቶ አልነበረም?

የዋርድ ነርስ፦ እሱ የተፈጥሮ ሳይንስና የጤና ዲግሪ ላላቸው ነበር፤ አካውንታንት አይመለከትም። እህቴ፣ የማታ መርሐ ግብር የሚያቀልልሽ የክፍሉን ትምህርት ነው፤ የዋርድ ልምምዱ በአብዛኛው በሥራ ሰዓት ስለሚውል፣ ጠዋት ርክክብ ላይ ቆመሽ የታማሚ ካርድ ስትከታተይ ከባንክ መደወሉ አይቀርም። ስለዚህ ከክፍያው በፊት ልምምዱ በየትኛው ሆስፒታል፣ በሳምንት ስንት ቀን እንደሆነ ጠይቂ። በደረጃ 4 ከሄድሽ ሲኦሲ የሚባለውን የሙያ ብቃት ምዘና ትፈተኛለሽ፤ በዲግሪ ከሄድሽ ደግሞ በ2015 ዓ.ም. የተጀመረው የመውጫ ፈተናና ከእሱ በኋላ የሙያ ፈቃድ ፈተና ይጠብቁሻል። የ12ኛ ክፍል መስክሽ ማኅበራዊ ሳይንስ ከነበረም መግባት መቻልሽን አስቀድመሽ በጽሑፍ አረጋግጪ። እኔ ብሆን አለቃዬን ሳላናግር አልመዘገብም ነበር።

የቀበሌ 18 ነዋሪ፦ እህቴ የተማረችበት የግል ኮሌጅ ዲን ተማሪውን ሁሉ በስሙ ይጠራል፤ ከዚያ የተሻለ የለም።

ታዛቢ፦ በስም መጠራቱ ለመውጫ ፈተናው ስንት ነጥብ ይያዝለታል?

የማራኪዋ፦ የእኛም ዲን በስማችን ይጠራን ነበር። ለዲግሪ የምትመዘገቢ ከሆነ ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን የተሰጠውን ደብዳቤ አሳዩኝ በይ፤ ነርሲንግና ጎንደር የሚሉት ሁለቱም ካልተጻፉበት ትተሽ ውጪ።

ጠያቂ፦ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ሬጅስትራር ቅዳሜ ይሠራል?

የማራኪዋ፦ ክፍያ ለመቀበል ይሠራል።