የማኅበራችን የፓርኪንሰን ማይክሮ-አርኤንኤ ፕሮፖዛል፦ በሁለተኛው ረቂቅ ላይ የዕቅድ ውይይት

ጸሐፊ፦ ረቂቁ ተለጥፏል። 40 ሕሙማንና 40 ጤነኞች፤ በፕላዝማ (በደሙ ፈሳሽ ክፍል) ውስጥ ሚር-7፣ ሚር-153 እና ሚር-133ቢ የሚባሉ ማይክሮ-አርኤንኤዎች (ጂኖችን የሚቆጣጠሩ አጫጭር አርኤንኤዎች) ይለካሉ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ አልፋ-ሲኑክሊን የሚባለው ፕሮቲን መልእክተኛ አርኤንኤ ጭራ ላይ ተለጥፈው ፕሮቲኑ እንዳይበዛ ይይዙታል፤ በሕሙማኑ የነርቭ ሴል ውስጥ የሚጠራቀመው ያው ፕሮቲን ነው። እስከ ዓርብ ማታ ያልተጻፈ አስተያየት አይገባም። እንደ አምናው ቀኑ አይለፈን።

የላብራቶሪው፦ 133ቢ ይውጣ። እ.ኤ.አ. በ2007 በሕሙማን መካከለኛ አንጎል ውስጥ ቀንሶ መገኘቱ ልክ ነው። ግን ጡንቻ ውስጥም በብዛት አለ፤ ደም ውስጥ ሲገኝ ከአንጎል ይሁን ከሚንቀጠቀጠው ጡንቻ መለየት አንችልም። ቱቦውም ይታረም። ረቂቁ ላይ አረንጓዴ ክዳን ተብሏል፤ እሱ ደም እንዳይረጋ ሄፓሪን ያለበት ነው፣ አርኤንኤውን አባዝተን የምንለካበትን ፒሲአር ያፍነዋል። ሐምራዊው ኢዲቲኤ ይሁን።

ገንዘብ ያዥ፦ ተራ ቁጥር 14፣ «የተሳታፊዎች ቁርስ፣ 80 ሰው በ300 ብር፣ 24,000 ብር»። ይሄ ነገር ደግሞ ገባ? አምና ሰነዱ የተመለሰብን በዚሁ ነው። ይሰረዝ።

ነርቭ ሐኪሟ፦ አይሰረዝም። ደሙ የሚቀዳው ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል፣ ሳይበሉና የጠዋቱን ሌቮዶፓ ሳይወስዱ ነው። ሌሊቱን ያለ መድኃኒት ያደረ ሰው እግሩ ወለሉ ላይ እየተጣበቀበት ነው የሚመጣው። መርፌው እንደወጣ ኪኒኑን ይውጣል፣ ግማሽ ሰዓት ቆይቶ ይበላል። እንቁላል አይሆንም፤ ፕሮቲን ከሌቮዶፓው ጋር መግቢያ ይሻማል። ዳቦና ሻይ ይበቃዋል። በባዶ ሆዱ የቸርችልን ዳገት ውጣ ልንለው ነው?

ገንዘብ ያዥ፦ ዳቦና ሻይ 300 ብር? ቤተሰቡ ይዞለት ይምጣ።

የስታቲስቲክሱ፦ ቤተሰብ ይዞ ከመጣ ሳይቀዳ ይበላል። ጤነኞቹ ጾመው፣ ሕሙማኑ ፍርፍር በቅቤ በልተው ከቀረቡ የምናገኘው ልዩነት የቁርስ ልዩነት ነው። ቅባት ያለበት ፕላዝማ ስለሚደፈርስ የ414 ናኖሜትሩንም ንባብ (ቀይ ሴል መሰበሩ የሚታወቅበትን የብርሃን ልኬት) ያበላሻል።

ገንዘብ ያዥ፦ ከሳይንሱ ጋር ጠብ የለኝም። ደረሰኝ የሌለው ሻይ ፊርማዬ ሥር አይገባም። ኦዲተር ፊት የሚጠራው የእኔ ስም ነው።

ነርቭ ሐኪሟ፦ ሰው ደረጃ ላይ ቢወድቅስ የማን ስም ይጠራል? እነዚህ ሰዎች ባይኖሩ ማኅበሩስ ለምን ተቋቋመ?

አባል ከፒያሳ፦ ከአንድ ካፌ ጋር ውል ይደረግ፣ ኩፖን ይታተም፣ በወሩ መጨረሻ አንድ ደረሰኝ ይቆረጥ።

ገንዘብ ያዥ፦ ቲን ያለው፣ የማሽን ደረሰኝ የሚሰጥ ከሆነ እሺ። ዋጋው ግን ይታይ።

የላብራቶሪው፦ ስለ ሻይ ይሄን ያህል ተጻፈ፤ ስለሚሰበረው ቀይ ሴል አንድ ሰው አልጠየቀም። ረቂቁ ያልተለየ ደም ከጥቁር አንበሳ አራት ኪሎ በሚኒባስ ታክሲ ይሄዳል ይላል። እየተንገጫገጨ ሄሞላይዝ ያደርጋል። ቀይ ሴል በሚር-451 እና በሚር-16 የታጨቀ ነው፤ ትንሽ ከፈሰሰ ውጤቱ ይዛባል፣ ስለዚህ ሚር-16ን የሌሎቹ መጠን የሚነጻጸርበት ማመሳከሪያ ማድረጋችሁም አይሆንም። ሴንትሪፊውጁ ደሙ የሚቀዳበት ክፍል ይቀመጥ። በአንድ ሰዓት ውስጥ በ2,000 ጂ (በምድር ስበት 2,000 እጥፍ) ለ10 ደቂቃ ይዙር፣ ከነጩ ንጣፍ (ከነጭ ሴሎቹ ስስ ሽፋን) በላይ ግማሽ ሴንቲ ፕላዝማ ሳይነካ ይቅር፣ የተወሰደው በ10,000 ጂ 10 ደቂቃ ይደገም። ፕሌትሌት (ደም የሚያረጋው ጥቃቅን ሴል) ውስጡ ከተረፈ ቀዝቅዞ ሲቀልጥ ይፈነዳና የራሱን ማይክሮ-አርኤንኤ ይለቅበታል። ከዚያ 200 ማይክሮሊትር እየተከፋፈለ ወደ -80። በ414 ከ0.2 በላይ ያነበበ፣ ወይም ቀይ ሴል ሲሰበር ብዙም ከማይለወጠው ከሚር-23ኤ ሲቲ (ምልክቱ ከታየበት የፒሲአር ዙር ቁጥር) ላይ የሚር-451 ሲቀነስ ከ7 ያለፈ፣ ይጣላል። ለመቆጣጠሪያ ከውጭ የሚገባው የትል ሚር-39 ማፍረሻው ፈሳሽ ከገባ በኋላ ይጨመር፤ ከቀደመ የፕላዝማው አርኤንኤዝ (አርኤንኤ ቆራጭ ኢንዛይም) ወዲያው ይቆራርጠዋል።

ደግሞ ከተማችን ከ2,300 ሜትር በላይ ነው። የአየሩ ግፊት ስለሚያንስ የቫኪውም ቱቦ ምልክቱ ጋ ሳይደርስ መሳብ ያቆማል፤ ደሙ ሲያንስ ኢዲቲኤው ይበዛበታል። የእያንዳንዱ ቱቦ መጠን ይመዝገብ፣ የሁለቱም ወገን ቱቦ ከአንድ ሎት (ከአንድ የምርት ዙር) ይሁን።

የስታቲስቲክሱ፦ የሚጣለው ሲቀነስ 40 አይቀረንም። ሕሙማኑ ሁሉ ሌቮዶፓ ላይ ከሆኑ ደግሞ የመድኃኒቱን ከበሽታው አንለይም።

ጸሐፊ፦ የሥነ ምግባር ቅጹን እሞላለሁ ያልከው የት ገባህ? የበረዶ ሳጥን አመጣለሁ ያልሽውስ? ዛሬ ሐሙስ ነው።

ነርቭ ሐኪሟ፦ ገንዘብ ያዥ፣ ትናንት ቃሌ ከብዶ ከሆነ ይቅርታ። ኩፖኑ ይስማማኛል።

ገንዘብ ያዥ፦ እኔም በዝቶብኝ ነው።

ጸሐፊ፦ ቅጹን የሚሞላ ስላልተገኘ ሕሙማኑን በዚህ ዙር አናስገባም። ሦስተኛው ረቂቅ፦ «በአዲስ አበባ ለፓርኪንሰን ማይክሮ-አርኤንኤ ምርምር የፕላዝማ አያያዝ»። 20 ፈቃደኛ የማኅበሩ አባላት፣ አንድ ሴንትሪፊውጅ፣ ለ-80ው ማቀዝቀዣ ከጄኔሬተር ጋር ማገናኛ። ሚር-7 እና ሚር-153 ወደ ሁለተኛው ምዕራፍ ተዛውረዋል።

ነርቭ ሐኪሟ፦ ሕሙማኑ ከወጡ ፓርኪንሰን የሚለው ርዕሱ ላይ ምን ይሠራል?

ገንዘብ ያዥ፦ ተራ ቁጥር 14 አልታረመም። 20 ሰው በ300 ብር 6,000 ነው፣ አሁንም 24,000 ይላል።