ሜዲስን ትቼ ዶሮ ልማር ነው፣ ምን ትላላችሁ?

የሳቢያን ልጅ፦
ሰላም ናችሁ? የድሬ ልጅ ነኝ። ፍሬሽማን ጨርሼ ሐረማያ ላይ ዲፓርትመንት ልመርጥ ነው። ውጤቴ ጥሩ ስለሆነ ቤት ውስጥ ሁሉም ሜዲስን ይላል። እኔ ደግሞ ያደግኩት እርግብ ሳረባ ነው፤ ልቤ ያለው ወፍ ላይ ነው። እንስሳት ሳይንስ ገብቼ ወደ ዶሮ ማዘንበል አስቤአለሁ። ጓደኞቼ «ይህን ሁሉ ዓመት ተምረህ እንቁላል ልትለቅም?» እያሉ ይስቁብኛል። የተማራችሁ ካላችሁ እውነቱን ንገሩኝ።

ደንገጎ፦
አቦ ይሳቁ ተዋቸው። እንቁላል መልቀሙንም በሐረማያ የጠዋት ብርድ ይሞክሩትና ያወራሉ።

እኔ ከዚያው ነው የተመረቅኩት። ዶሮዋ ጋ እስክትደርስ ግን ብዙ ትጠብቃለህ። ባዮኬሚስትሪ አለ፣ ጄኔቲክስ አለ፣ ከብቱና የግጦሽ መሬቱ አለ። ስታቲስቲክስን የናቀ ልጅ የመመረቂያ ጽሑፍ ላይ ያለቅሳል።

ዶሮዋ ስትመጣ ነው ነገሩ የሚጥመው። እኔ 12 ብልት ስገነጥል ያደግኩ ሴት ነኝ፤ ላብራቶሪ ውስጥ ስንከፍታት ግን አዲስ ሆነችብኝ። የሚሠራው ኦቫሪ፣ ማለት እንቁላል ማፍሪያው፣ የግራው ብቻ ነው። አስኳሎቹ እንደ ወይን ዘለላ ተንጠልጥለዋል፤ አንዱ ትልቅ፣ አንዱ የሽምብራ ፍሬ የማያክል። ትልቁ ከዚያ ተላቆ እንቁላል ሆኖ እስኪወጣ 25 ሰዓት ገደማ ይፈጃል። 20 ሰዓት ያህሉ የሚያልቀው ቅርፊቱ ላይ ነው። ዲያፍራም፣ ማለት እኛ ከሳንባችን ሥር ያለን የመተንፈሻ ጡንቻ፣ የላትም፤ የምትተነፍሰው ደረቷን እያንቀሳቀሰች ነው። ደረቷን ጨምቀህ ከያዝካት ታፍናታለህ። ከዚያ ወዲህ የገበያ ሰው ዶሮ ሲይዝ ማየት አልወድም።

ሜዲስን ለሚሉህ ደግሞ ይህን ንገራቸው። ኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ብሩስ ግሊክ የሚባል ተማሪ የዶሮን ቡርሳ ያጠና ነበር። ቡርሳ ጭራዋ አካባቢ ያለች ትንሽ ከረጢት ናት፤ ጥቅሟን ያወቀ አልነበረም። ከጫጩቶች ላይ አወጣት። ጓደኛው ቻንግ እነዚያኑ ዶሮዎች ተውሶ ለክፍል ማሳያ ክትባት ቢሰጣቸው አንቲቦዲ፣ ማለት በሽታ የሚከላከለውን የደም ፕሮቲን፣ አልሠሩም። ጽሑፋቸው በ1956 እ.ኤ.አ. የወጣው በዶሮ ሳይንስ መጽሔት ላይ ነው። ዛሬ ሐኪሞቹ ስለ ቢ ሴል፣ አንቲቦዲ ስለሚሠሩት ሴሎች፣ የሚማሩት ከዚያ የተነሣ ነው። ጉምቦሮ የሚባለው የዶሮ በሽታም የሚያጠቃው ይህችኑ ቡርሳ ነው።

ሥራን በተመለከተ አልዋሽህም። ትልልቆቹ ጫጩት ፈልፋዮች በብዛት ያሉት ቢሾፍቱ አካባቢ ነው። ድሬን ልቀቅ ብትባል ትለቃለህ?

የመጋላው አባት፦
እህቴ፣ እግረ መንገዴን ልጠይቅሽ። ድሬ ላይ እንቁላል ጣይ ዶሮዎች አሉኝ። ግንቦትና ሰኔ ላይ ቅርፊቱ ይሳሳል፤ ሳነሣው እጄ ላይ ይፈርጣል። መኖ ሻጩ በሽታ ነው ብሎ መድኃኒት ሸጠልኝ። ምንም ለውጥ የለም።

ደንገጎ፦
ጋሼ፣ ሌላ ምልክት ከሌለ መጀመሪያ የምጠረጥረው ሙቀቱን ነው። ዶሮ ላብ አያልባትም። ሲሞቃት አፏን ከፍታ ታለከልካለች። ስታለከልክ ከደሟ ብዙ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል፤ ቅርፊቱ ደግሞ ካልሲየም ካርቦኔት ነው፣ ካርቦኔቱ ከየት ይምጣ? በዚያ ላይ መኖ መብላት ትቀንሳለች፣ ካልሲየሙም ያጥራታል።

መኖውን በማለዳና ጀንበር ስታዘቀዝቅ ይስጡ። ቀዝቃዛ ውኃ አይጥፋ፤ በርሜሉ ፀሐይ ላይ ከዋለ ዋጋ የለውም። ማታ ማታ የተፈጨ የበሃ ድንጋይ ይጨምሩ፣ ዱቄቱን ሳይሆን ጠጠር ጠጠር የሚለውን። ቅርፊቱ በአብዛኛው የሚሠራው ሌሊት ነው፤ ጠጠሩ ቀስ እያለ ይሟሟላታል። ለጫጩት ግን እንዳይሰጡ፣ ኩላሊቷን ይጎዳል።

የሳቢያን ልጅ፦
ዋሪያ! እኔ መማር የምፈልገው ይህንን ነው። ቢሾፍቱም ቢሆን እሄዳለሁ። እናቴን ማን ያሳምንልኝ?

የመጋላው አባት፦
እናትህን ለእኔ ተዋት፣ እንቁላል ይዤ እመጣለሁ። ስትመረቅ ግን መጀመሪያ የእኔን ቤት ታያለህ። የበሃ ድንጋዩ አያሳስብም፤ ሲሚንቶ የሚሠራው ከእሱ ነው፣ ሲሚንቶ ፋብሪካ ባለበት አገር እሱ ይጠፋል እንዴ?