ከክብደት መቀነሻ ቀዶ ሕክምና በፊት ያሉትን ሳምንታት ጎንደር ሆኜ እንዴት ልዘጋጅባቸው?

የአዘዞዋ መምህርት

ጤና ይስጥልኝ። የ39 ዓመት ሴት ነኝ፤ የምኖረውም የማስተምረውም አዘዞ ነው። ክብደቴ 108 ኪሎ፣ ቁመቴ 1 ሜትር ከ62 ሴንቲ ሜትር ነው። ስኳርና ደም ግፊት ስላለብኝ ሜትፎርሚን፣ ግሊቤንክላማይድና ሃይድሮክሎሮታያዛይድ እወስዳለሁ። ለብዙ ዓመታት በአመጋገብና በእግር ጉዞ ስታገል ቆይቼ፣ ከሐኪሞቼ ጋር ደጋግሜ ከተመካከርሁ በኋላ፣ አብዛኛውን የጨጓራ ክፍል ቆርጦ የሚያስወግደውን ስሊቭ የሚባለውን ቀዶ ሕክምና ለማድረግ ወስኛለሁ። ቀጠሮዬ በጥር መጨረሻ አዲስ አበባ በሚገኝ አንድ የግል ሆስፒታል ነው።

የምጠይቀው ይጠቅማል አይጠቅምም የሚለውን አይደለም፤ ያስጨነቀኝ ዝግጅቱ ነው። የተሰጠኝ ወረቀት ከቀዶ ሕክምናው በፊት ባሉት 2 ሳምንታት ፕሮቲን የበዛበት፣ ቅባትና ስታርች ያነሰበት ምግብ እንድመገብ ያዝዛል፤ የተዘረዘረው ግን የዶሮ ሥጋ፣ እርጎና እንቁላል ብቻ ነው። እኔ ጾመኛ ነኝ። አሁን የነቢያት ጾም ሊገባ ነው፤ ሁለቱ ሳምንታት የሚጀምሩት በጥምቀት ሰሞን፣ ቤታችን ከየአገሩ በሚመጣ እንግዳ በሚሞላበት ጊዜ ነው፤ ገና ሳላገግም ደግሞ ዐቢይ ጾም ይደርሳል። ከአሁኑ ጀምሬ እዚሁ ጎንደር ማድረግ የሚገባኝን ምርመራና ጥንቃቄ፣ እንዲሁም ያ የ2 ሳምንት ምግብ ለምን ያን ያህል እንደሚያስፈልግ የምታውቁ ብታስረዱኝ እጅግ አመሰግናለሁ።


ማራኪ ሰፈር

እኅቴ፣ እኔም ይህንኑ ቀዶ ሕክምና አድርጌ እዚሁ ማራኪ የምኖር ሴት ነኝና በቤት ውስጥ የሚገጥመውን ልንገርዎ፤ የመድኃኒቱን ነገር ለባለሙያ እተወዋለሁ።

የ2 ሳምንቱ ምግብ ኪሎ ለማስቀነስ ብቻ የታዘዘ እንዳይመስልዎ። የጉበት የግራ ክፍል የላይኛውን ጨጓራ ሸፍኖ የተቀመጠ ነው፤ ሐኪሙ በትንንሽ ቀዳዳዎች ካሜራና መሣሪያ አስገብቶ ሲሠራ፣ ጨጓራውን ለማግኘት ያንን ክፍል ወደ ላይ ማንሣት ይኖርበታል። ብዙ ክብደት ባለበት ሰው ጉበቱ ስብ አጠራቅሞ ስለሚተልቅ ማንሣቱ ይከብዳል፣ በቀላሉም ይደማል፤ አንዳንድ ጊዜ ቀዶ ሕክምናውን አቋርጦ ለሌላ ቀን እስከማስተላለፍ ያደርሳል። ስታርችና ቅባት ሲቀንሱ ግን ጉበቱ ያጠራቀመውን ስኳርና ውኃ በቶሎ ይለቃል፣ ስቡም እየቀነሰ ይሄዳል። ስለዚህ በእነዚያ ቀናት «አንድ ቀን ብቻ» ብሎ መብላት የሚጎዳው ሚዛኑን ሳይሆን የሐኪሙን የሥራ ቦታ ነው።

ከባዱ ጥምቀት ነው። ከከተራ ጀምሮ የጎንደር ቤት ሁሉ ክፍት ነው፤ ከጥምቀተ ባሕሩ የተመለሰ ሰው ጠላ ሳይቀምስ አይሄድም፤ «በሞቴ» ተብሎ የተዘረጋ ጉርሻን መመለስም እንደ ንቀት ይታያል። የምመክርዎ ከበዓሉ አስቀድመው በቤቱ ውስጥ ቃሉ የሚሰማውን ሰው፣ እናትዎም ይሁኑ ታላቅ እኅትዎ፣ ለብቻ አስቀምጠው ሁሉንም እንዲያስረዱ ነው። ለሌላው እንግዳ «ሐኪም ምግብ ወስኖልኛል» ማለት ይበቃል፤ ስለ ቀዶ ሕክምናው ለሁሉም መናገር ግዴታ የለብዎትም። የዶሮ ወጡ ችግርም ዶሮውና እንቁላሉ አይደሉም፤ አንድ እንቁላል 6 ግራም ያህል ፕሮቲን አለው፣ ቆዳው የተገፈፈ ዶሮም የታዘዘልዎ ምግብ ነው። ችግሩ ቅቤና ዘይት የጠጣው ቁሌትና አብሮት የሚበላው እንጀራ ነው። ስለዚህ የእርስዎን ብልት በትንሽ ድስት ለብቻ፣ ያለ ቅቤ ያብስሉት። ጠላ፣ ጠጅ፣ አረቄና ለስላሳ መጠጥ ፈጽሞ ይቅሩ። ቡናው ያለ ስኳር ይሁን፤ የቡና ቁርስ የሆኑትን ዳቦና ቆሎ ይተዉዋቸው።

በነቢያት ጾም ደግሞ ምስር፣ ሽምብራ፣ አተርና አኩሪ አተር መደገፊያዎ ናቸው። የበሰለ ምስር በ100 ግራም ወደ 9 ግራም ፕሮቲን ይይዛል። ሆኖም ጥራጥሬ ስታርችም ስላለው፣ ሽሮም በቤታችን ልማድ ዘይት ስለሚበዛበት፣ እህሉን በልኬት፣ ዘይቱን በማንኪያ ያድርጉት። ከአሁኑ ሊለማመዱት የሚገባ ሌላም ነገር አለ፤ ትንሽ ጎርሶ በደንብ ማላመጥ፣ ከምግብ ጋር ውኃ አለመጠጣት፣ ከበሉም በኋላ ግማሽ ሰዓት ያህል መቆየት። ሌላው ገበታ ላይ ሳለ እርስዎ ቀስ ብለው መብላትን ዛሬ ካልለመዱት፣ ጨጓራዎ ከጠበበ በኋላ ሕመምና ማስታወክ ያመጣብዎታል።


የማደንዘዣ ባለሙያ

ጠያቂዋ የሰጡት ቁጥር ሲሰላ፣ ክብደትን ከቁመት ጋር የሚያመዛዝነው ልኬታቸው (BMI) 41 ገደማ ስለሚሆን፣ ለዚህ ቀዶ ሕክምና ለረጅም ጊዜ ሲሠራበት በቆየው የ40 መስፈርትም ሆነ በ2022 እ.ኤ.አ. ዓለም አቀፍ የዘርፉ ማኅበራት ወደ 35 ዝቅ ባደረጉት መስፈርት ውስጥ ይገባሉ። ስለ ዝግጅቱ ግን ጊዜ የሚፈጅ ስለሆነ በቅድሚያ የማነሣው ኤች ፓይሎሪ የተባለውን የጨጓራ ባክቴሪያ ነው። በአገራችን በብዙ ሰው ላይ ይገኛል፤ ከቀዶ ሕክምናው በፊት ተመርምሮ ቢታከም ይመረጣል። በሰገራ የሚደረገው የአንቲጅን ምርመራ ትክክለኛ ውጤት እንዲሰጥ እንደ ኦሜፕራዞል ያሉ የአሲድ መድኃኒቶች ከምርመራው 2 ሳምንት በፊት፣ አንቲባዮቲክ ደግሞ 4 ሳምንት በፊት መቋረጥ አለባቸው፤ አለበለዚያ ባክቴሪያው እያለ «የለም» የሚል ውጤት ሊመጣ ይችላል። ሕክምናው አብዛኛውን ጊዜ 14 ቀን ይፈጃል፤ መጥፋቱን ለማረጋገጥም መድኃኒቱ ካለቀ በኋላ ቢያንስ 4 ሳምንት ይጠበቃል። እነዚህን ቢደምሯቸው 2 ወር ያህል ስለሚሆን፣ ቀጠሮው ጥር ላይ ከሆነ ምርመራው በዚህ ሳምንት መጀመር አለበት።

ከዚህ ጋር ሙሉ የደም ቆጠራ፣ የኩላሊትና የጉበት ምርመራ፣ የታይሮይድ ሆርሞን፣ የብረት ክምችት፣ ፎሌት፣ ቫይታሚን ዲና ቢ12፣ የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራ፣ የሐሞት ከረጢት አልትራሳውንድና የ3 ወር አማካይ የስኳር መጠን ይጠየቃሉ። የመጨረሻው ከ8 በመቶ በታች ቢሆን የቁስል ማመርቀዝ ሥጋት ይቀንሳል። ቢ12ን በተለየ ትኩረት ያሠሩት። ቫይታሚኑ በእንስሳት ተዋጽኦ እንጂ በእህል ውስጥ አይገኝም፤ ረጅም ጊዜ የተወሰደ ሜትፎርሚን ያሳንሰዋል፤ ቀዶ ሕክምናው ራሱም ቫይታሚኑ እንዲመጠጥ የሚረዳውን የጨጓራ ፈሳሽ ይቀንሰዋል። ጾመኛ፣ ሜትፎርሚን ተጠቃሚና የስሊቭ ታካሚ የሆነ ሰው በሦስቱም በኩል ስለተጋለጠ፣ ጉድለት ካለ ከአሁኑ መሙላት፣ ከቀዶ ሕክምናውም በኋላ በሐኪም ክትትል ዕድሜ ልክ መውሰድ ይገባል። ጉድለቱ ሳይታወቅ ከቆየ የእጅና የእግር መደንዘዝ ሊያስከትል ይችላል፤ የነርቭ ጉዳት ደግሞ ሁልጊዜ የሚመለስ አይደለም።

ስለ መድኃኒቶቹ ሳስብ ከሁሉም የሚያሳስበኝ ግሊቤንክላማይድ ነው። ይህ መድኃኒት ሰው በላም አልበላም ቆሽት ኢንሱሊን እንዲያመነጭ ስለሚያደርግ፣ በ2 ሳምንቱ ምግብዎን ቀንሰው መድኃኒቱን በነበረበት መጠን ቢቀጥሉ ስኳርዎ በአደገኛ ሁኔታ ሊወርድ ይችላል። ላብ፣ መንቀጥቀጥና ግራ መጋባት ከታዩ ስኳሩ ወርዷል ማለት ሊሆን ስለሚችል፣ ጾምም ቢሆን ወዲያውኑ ስኳር ያለው ነገር ይጠጡ። ሃይድሮክሎሮታያዛይድም ውኃን በሽንት የሚያስወጣ ስለሆነ፣ የሚጠጡት ፈሳሽ ሲቀንስ ሰውነትዎን ሊያደርቅ ይችላል። ሁለቱም መቼና በምን ያህል እንደሚቀነሱ የሚወስነው ሐኪምዎ ነው እንጂ እርስዎ በራስዎ አያቋርጧቸው፤ ይህን የሚወስንልዎ ቀጠሮም ምግቡን ከመጀመርዎ በፊት ይሁን።

ሌሊት በጣም የሚያንኮራፉ፣ ትንፋሽዎ ተቋርጦ የሚነቁ ወይም ቀን ቀን እንቅልፍ የሚጥልዎ ከሆነ ለማደንዘዣ ሐኪሙ ይንገሩ፤ ከማደንዘዣ በኋላ የሚደረገውን ክትትል ይለውጠዋል። ጥቁር አዝሙድም ይሁን ሌላ የባህል መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ አይደብቁ። የሚያጨሱ ከሆነ ቢያንስ ከ6 ሳምንት በፊት ያቁሙ። በዋዜማው ጠንካራ ምግብ መቼ፣ ውኃ መቼ እንደሚቆም ሆስፒታሉ ይነግርዎታል፤ በተለመደው አሠራር ከማደንዘዣው በፊት ቀላል ምግብ 6 ሰዓት፣ ንጹሕ ውኃ ደግሞ 2 ሰዓት ሲቀር ይቆማሉ።


የአራዳው አባወራ

ባለቤቴ ተመሳሳይ ቀዶ ሕክምና አድርጋለችና እንደ አስታማሚ የምለው አለኝ። ቀዶ ሕክምናው አዲስ አበባ ቢሆንም ከዚያ በኋላ ያለው ኑሮ ጎንደር ነው፤ ስለዚህ ከመሄድዎ በፊት የሚከታተልዎትን የውስጥ ደዌ ሐኪም እዚሁ ይያዙ። አሁን የስኳር ክትትልዎ የት እንደሆነ አልገለጹም፤ በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታልም ይሁን በሌላ ቦታ ዕቅድዎን አስቀድመው ለሐኪሙ ያስረዱ፤ ሲመለሱም የቀዶ ሕክምናውን ሙሉ የጽሑፍ ሪፖርት ይዘው ይምጡ። ክብደት በፍጥነት በሚወርድበት ጊዜ የስኳርና የግፊት መድኃኒት በየጊዜው መስተካከል አለበት፤ ለዚህ ሁሉ ወደ አዲስ አበባ መመላለስ አይቻልም።

ከክፍያው በፊት ዋጋው ምርመራን፣ የጽኑ ሕሙማን ክፍልንና ችግር ቢፈጠር የሚደረገውን ተጨማሪ ቀዶ ሕክምና ያካትት እንደሆነ በጽሑፍ ይጠይቁ። ሲወጡም በቶሎ ለመመለስ አይቸኩሉ። የተሰፋው ጨጓራ ቢያፈስ የልብ ምት መፍጠን፣ ትኩሳት፣ የሆድ ወይም የግራ ትከሻ ሕመም ይታያል፤ ይህም ከሆስፒታል ከተወጣ በኋላ ሊመጣ የሚችል ነው። ሐኪሙ እስኪፈቅድልዎ ድረስ ሆስፒታሉ አጠገብ ዘመድ ቤት ያርፉ። ለመመለስም እግርን አጥፎ ሙሉ ቀን መቀመጥ ለደም መርጋት ስለሚያጋልጥ፣ ቢቻል በአውሮፕላን ወደ አዘዞ ይምጡ፤ በመኪና ከሆነም ደጋግመው ወርደው ይራመዱ።

ስለ ዐቢይ ጾም ከንስሐ አባትዎ ጋር ከአሁኑ ይነጋገሩ። ባለቤቴ ስትሄድ አባታችን ያለ ማመንታት ነው የፈቀዱላት፤ ለሕመምተኛ የቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ቦታ እንዳለው ከእርሳቸው አፍ መስማቷ ከሐኪም ወረቀት የበለጠ አሳርፏታል። መጀመሪያ ፈሳሽ፣ ቀጥሎ የተፈጨ፣ ከዚያም ለስላሳ ምግብ በሚወሰድባቸው ሳምንታት በቀን ከ60 ግራም ያላነሰ ፕሮቲን ከጥራጥሬ ብቻ በዚያች ትንሽ ጨጓራ ማግኘት በጣም ከባድ ነው።


የአዘዞዋ መምህርት

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የሰገራ ምርመራውን ነገ ላሠራ ስል የማደንዘዣ ባለሙያው መልስ ደረሰልኝ፤ ኦሜፕራዞል ስወስድ ስለ ቆየሁ ሐኪሜን ጠይቄ ቀኑን አስተካክላለሁ። ክትትሌም እዚሁ በዩኒቨርሲቲው ሆስፒታል ነው። ሁለት ነገር ልጨምር። ጉልበቴን ስለሚያመኝ ዳይክሎፌናክ እየገዛሁ እወስዳለሁ፤ ይህን መቀጠል እችላለሁን? ደግሞም የወሊድ መከላከያ እንክብል እጠቀማለሁ፤ ከዚህ ጋር የሚያያዝ ነገር አለ?


የማደንዘዣ ባለሙያ

በጎ አደረጉ። ዳይክሎፌናክ፣ አይቡፕሮፌንና መሰሎቻቸው የጨጓራን ሽፋን ያቆስላሉ፤ ደም ግፊት ላለበትና የሽንት መድኃኒት ለሚወስድ ሰው ደግሞ ኩላሊትንም ይጎዳሉ። ከቀዶ ሕክምናው በፊት ያቁሙት፤ ከዚያም በኋላ ያለ ሐኪም ፈቃድ አይውሰዱት። ለሕመሙ ፓራሲታሞል በታዘዘው መጠን ይበቃል፤ ክብደቱ ሲወርድም ጉልበቱ እንደሚቀልልዎ ተስፋ አደርጋለሁ።

እንክብሉ ኢስትሮጅን ያለበት ከሆነ የደም መርጋትን ስለሚያባብስ፣ ብዙ ጊዜ ከቀዶ ሕክምናው አንድ ወር ያህል በፊት ይቆማል፤ ነገር ግን ሌላ መከላከያ ሳይተኩ እንዳያቆሙት። ክብደት ሲቀንስ የማርገዝ ዕድል ይጨምራል፤ ሰውነት በፍጥነት በሚቀንስባቸው ከ12 እስከ 18 ወራት ውስጥ ማርገዝ ደግሞ ለእናትም ለፅንስም የምግብ እጥረት ስለሚያመጣ አይመከርም። በክንድ ቆዳ ሥር የሚቀበረውን ወይም በማሕፀን የሚቀመጠውን የመከላከያ ዓይነት ከማሕፀን ሐኪም ጋር ተነጋግረው፣ ቢቻል የቀዶ ሕክምናው ቀን ሳይደርስ ያስተካክሉት።