ቻይና «ሴታሴት» ወንዶችን ከስክሪን ማገዷ ልክ ነው?

አወያይ፦ እንደ ፈረንጆቹ በ2021 የቻይና ብሮድካስት ባለሥልጣን «ኒያንግ ፓው»፣ በእኛ አፍ ሴታሴት የሚባሉት ወንዶች በቴሌቪዥን እንዳይቀርቡ አዘዘ። ቻይናዊው አርቲስት ማ ሊዩሚንግ ደግሞ በፐርፎርማንስ አርት፣ ማለትም አርቲስቱ ራሱ በአካል በሚያቀርበው ጥበብ፣ የወንድና የሴትን ድንበር በገዛ ራቁት ገላው ሲያሳይ በ1994 ታስሯል። መንግሥትን ያገባዋል ትላላችሁ?

የልጆች አባት፦ አዎ፣ ያገባዋል። ልጅ የሚያየውን ይመስላል። እዚያ አገር ለዓመታት ብዙ ቤት አንድ ልጅ ብቻ ነው ያሳደገው። ወላጅ ቢሰጋ አይፈረድበትም። ደግሞስ ራቁት መቆም ምኑ ነው ጥበብ?

ሥዕል ወዳድ፦ ወንድሜ፣ የማ ሊዩሚንግን ፎቶ አይተኸዋል? ፊቱ ተኳኩሏል። ረጅም ጸጉሩ ትከሻው ላይ ወርዷል። ሴት ናት ትላለህ። ዓይንህ ወደ ታች ሲወርድ ገላው የወንድ ነው። ያን ጊዜ ክው ትላለህ። ሥራው ያ ድንጋጤ ነው! ለዚህ ገጸ ባሕርይ «ፌን ማ ሊዩሚንግ» ብሎ ስም አውጥቶለታል። በቤጂንግ ምሥራቃዊ ዳርቻ፣ ድሃ አርቲስቶች በሚከራዩበት መንደር፣ ራቁቱን ምግብ ሲያበስል ፖሊስ ወሰደው። ሁለት ወር ገደማ ታሰረ። ማንን ጎዳ?

ጋሽ መምህር፦ ልጆች፣ ሜይ ላንፋንግን አትርሱ። የፔኪንግ ኦፔራ፣ የቻይና የቆየ የዘፈን ቲያትር፣ ቁንጮ ነበር፤ ስሙ የገነነው ሴት ሆኖ በመጫወት ነው። ጃፓኖች ቻይናን ሲወሩ «ዝፈንልን» አሉት። ሪዙን አሳደገ። ሪዝ ያለው ሰው ሴት ሆኖ አይጫወትማ! ጦርነቱ እስኪያበቃ መድረክ አልወጣም። እኔ ከዚህ የበለጠ ወንድነት አላውቅም።

የልጆች አባት፦ ጋሼ፣ እሱ እኮ ይለያል። ሜይ የቆየ ወግ ያለው ጥበብ ነው የሠሩት። ከመድረክ ሲወርዱ ባልና አባት ነበሩ። ማ ሊዩሚንግ ግን ከመድረክ አይወርድም። ኑሮና ትወና ተቀላቀለበት።

ሥዕል ወዳድ፦ እሱን አልክድም። ያስፈራቸውም ይኸው ነው። ኦፔራ ቤት ሲሆን ያጨበጭባሉ፤ ሰው በራሱ ግቢ ሲያደርገው ያስራሉ። አሁንማ ጉትቻም አስፈሪ ሆኗል። በ2019 በቻይና የቪዲዮ መተግበሪያዎች ላይ የወንድ ዘፋኞች ጆሮ በጭጋግ ተሸፍኖ ይታይ ነበር። ልጁ ይስቃል፣ ይዘፍናል፤ ጆሮው ጫፍ ላይ ግን ብዥ ያለች ነጥብ አብራው ትሄዳለች።

የልጆች አባት፦ የጉትቻው ነገር እኔም አልተዋጠልኝም። ራቁትነቱን ግን በሕዝብ ፊት አልቀበልም።

ሥዕል ወዳድ፦ በሕዝብ ፊት አልነበረማ። በግቢው ውስጥ፣ ጥቂት ጓደኞቹ በተሰበሰቡበት ነው።