ለኤኤልኤስ ከአሜሪካ ምን ላስመጣ? ጥቆማ

አባቴ ኤኤልኤስ (ነርቭ እየሞተ ጡንቻን የሚያዳክም በሽታ) ነው ከተባልን አምስት ወር ሆነን። እህቴ ለፋሲካ ከሜሪላንድ ትመጣለች። አንዱ ቫይታሚን ቢ12፣ አንዱ ኮኪውቴን፣ አንዱ ቱድካ የሚባሉ ማሟያ ክኒኖች ይለናል። የሞከራችሁ ካላችሁ፣ የቱ ይሻላል?

— እህቴ፣ እግዜር ይማርልሽ። እኛ ቤት የታመመው አጎቴ ነበር። ሻንጣ ሙሉ አስመጥተናል።

ተስፋ ያለው ቢ12 ነው፤ ሱቅ ያለው ግን አይደለም። ጃፓኖች ሜቲልኮባላሚን የሚባለውን ዓይነት 50 ሚሊግራም፣ በሳምንት ሁለቴ፣ ጡንቻ ላይ ወጉ። በ16 ሳምንት የታማሚዎቹ መድከም መድኃኒት የሌለበት መርፌ ከተወጉት በ43 በመቶ አነሰ። በ2024 እ.ኤ.አ. አገራቸው ፈቀደችው። ልብ በይ፣ ለሙከራው የተወሰዱት ሕመሙ ከጀመራቸው ዓመት ያልሞላቸው ናቸው። የሚቆጠረው ሐኪሙ ከነገራችሁ ቀን አይደለም፤ እጁ ወይም እግሩ መስነፍ ከጀመረበት ነው።

እህትሽ የምታመጣው ክኒን ጥቂት ሚሊግራም ቢሆን ነው። እዚህ ፋርማሲ ያለውን ኒውሮቢዮን የሚባል የቢ ቫይታሚኖች መርፌ አብዝቶ መውጋትም አይሆንም። ውስጡ ቢ6 አለ፤ ቢ6 ሲበዛ ራሱ ነርቭ ይጎዳል። እኛ ልንጀምር ስንል ነርሷ ናት የጮኸችብን።

ኮኪውቴን በቀን 2,700 ሚሊግራም ተሰጥቶ እንኳ ጠብ ያለ ነገር የለም። ውድ ነው፣ ተዪው። የጂም ልጆች የሚወስዱት ክሬቲንም እንደዚያው። ቱድካን አሜሪካ ከሌላ መድኃኒት ጋር አንድ ላይ በ2022 ፈቅዳው ነበር። በ2024 ትልቁ ሙከራ ሲከሽፍ ኩባንያው ራሱ ከገበያ አነሳው። ሐኪሙን ይልቅ ለዚሁ በሽታ ስለሚሰጠው መድኃኒት፣ ስለ ሪሉዞል ጠይቁት። በዕድሜ ላይ የሚጨምረው ጥቂት ወራት ነው፣ ግን የተረጋገጠ ነው።

— እኔ ደግሞ ስለ ድስቱ ልናገር። በዚህ በሽታ ክብደት የሚቀንስ ሰው ቶሎ ይዳከማል። ሁዳዴን እየጾሙ ከሆነ የንስሐ አባታቸውን አሁኑኑ አነጋግሩ። ገንፎ በቅቤ፣ አቮካዶ፣ እንቁላል፣ ትንሽ ትንሽ፣ ቶሎ ቶሎ። ውሃ ትን ካላቸው ወፈር ያለ አጥሚት ይቀላቸዋል፤ ለሐኪሙም ሳትነግሩ አትቆዩ። በየሳምንቱ መዝኗቸው።

— ተባረኩ። ሚዛን የለንም። እህቴን ሚዛን አምጪ ልበላት?

— ሚዛንማ መርካቶ ሞልቷል። ሻንጣውን ለሌላ ነገር ተዪላት።