ቲክ ፊልም ላይ ወባውን ከቆሻሻው መለየት አቃተኝ

ጥያቄ
ሰላም ለሁላችሁ። የድሬ ልጅ ነኝ፤ ሐረር ውስጥ በአንድ ኮሌጅ ሜዲካል ላቦራቶሪ ሌቭል 4 እየተማርኩ ነው። ቲዎሪው ብዙም አይከብደኝም። ማይክሮስኮፕ ላይ ተቀምጬ ቲክ ፊልም (ስላይድ ላይ ወፈር ተደርጎ የተቀባ ደም) ሳይ ግን ሁሉም ነጠብጣብ ወባ ይመስለኛል። ማይክሮስኮፑ ደግሞ ለብዙ ተማሪ አንድ ነው፤ ተራዬ ሲደርስ ሰዓቱ ያልቃል። የተግባር ፈተናው ሦስት ሳምንት ቀረው፣ ከዚያ ሲኦሲ (የሙያ ብቃት ምዘና) አለ። ሥራው ላይ ያላችሁ እንዴት ነው የምትለዩት?

መልስ 1 (ድሬዳዋ፣ ላቦራቶሪ ባለሙያ)
አይዞሽ እህቴ፣ ሁላችንም በዚህ አልፈናል። መጀመሪያ ፓራሳይቱን (የወባውን ተሕዋስ) አትፈልጊ። ነጭ የደም ሴሎቹን እያቸው። ኒውክለሳቸው ጥርት ያለ ደማቅ ሐምራዊ ከሆነ ጊምሳው (ማቅለሚያው) በደንብ ይዟል። እነሱ ከደበዘዙ ግን ፓራሳይቱም አይታይሽም፤ ሌላ ስላይድ አዘጋጂ።

ቀለሙ ከያዘ ሁለት ነገር አንድ ላይ ፈልጊ፦ ቀይ የክሮማቲን ነጥብ (የፓራሳይቱ ኒውክለስ) እና ከሱ ጋር የተያያዘ ሰማያዊ ሳይቶፕላዝም (የቀረው አካሉ)። አንዱን ብቻ አይተሽ ወባ ነው ብለሽ አትጻፊ። ፋይን ፎከሱንም ቀስ እያልሽ አዙሪው። የጊምሳ ዝቃጭ ብዙ ጊዜ ከሴሎቹ በላይ ነው የሚቀመጠው፤ ሴሎቹ ሲጠሩ እሱ ይደበዝዛል። ጊምሳውን ሳታጣሪ አትጠቀሚ፤ ማቅጠኛው ውኃም ፒኤቹ (የአሲድነት ልኩ) 7.2 ይሁን።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ ስላይዱን የት ነው የምታደርቁት? ቲክ ፊልም ሙቀት ከበዛበት ራሱን ፊክስ ያደርጋል (ሴሎቹ እንዳሉ ይጸናሉ)። ያኔ ቀይ የደም ሴሎቹ ሳይፈርሱ ይቀሩና ፓራሳይቱን ይሸፍኑብሻል። እኛ ድሬ በዚህ ብዙ ስላይድ አበላሽተናል። ቲን ፊልሙን (ሳሳ ተደርጎ የተቀባውን ደም) በሜታኖል ፊክስ ስታደርጊም ሜታኖሉ ቲኩን እንዳይነካው ስላይዱን አዘንብለሽ ያዢ።

መልስ 2 (ሐረር)
ተራሽ አጭር ከሆነ ያየሽውን በእርሳስ ሳይው፣ ከዚያ ለመምህርሽ አሳዪ። እኔን ያዳነኝ ይሄ ነው። ኔጌቲቭ ከማለትሽ በፊት ደግሞ በባለ 100ው ሌንስ ቢያንስ 100 ፊልድ (በሌንሱ በአንድ ጊዜ የሚታይ ቦታ) እዪ።

መልስ 3
አቦ፣ አሁን ራፒድ ቴስት (ያለ ማይክሮስኮፕ ቶሎ የሚሠራው የወባ ምርመራ) አለ አይደል? ልጅቷ ለምን ትጨነቃለች?

መልስ 1 (ድሬዳዋ፣ ላቦራቶሪ ባለሙያ)
ወንድሜ፣ ራፒዱ ጠቃሚ ነው፤ ግን ብቻውን አይበቃም። ኤችአርፒ2 የሚባለውን ፕሮቲን የሚፈልገው ዓይነት ሰውየው ታክሞ ከዳነ በኋላም ለሳምንታት ፖዘቲቭ ሊያሳይ ይችላል። ይህን ፕሮቲን የማያመነጭ ፋልሲፓረም (አንዱ የወባ ዓይነት) ደግሞ እዚሁ አገራችን ተገኝቷል፤ እሱን ራፒዱ ሳያገኘው ያልፋል። የፓራሳይቱን ብዛትም አይቆጥርልህም። እህቴ፣ አንቺ በርቺ። ቫይቫክስ የሚባለውን ሌላውን የወባ ዓይነትና ፋልሲፓረምን በቲን ፊልሙ ለይ፦ ቫይቫክስ የገባበት ቀይ ሴል ይተልቃል፤ የፋልሲፓረም ጋሜቶሳይት (የመራቢያ ደረጃው) የሙዝ ቅርጽ አለው። መድኃኒታቸው ይለያያል፤ ስትሳሳቺ የሚጎዳው ታማሚው ነው።

ጠያቂዋ
እግዜር ይስጥልኝ! ዛሬ ነጮቹን ሴሎች አየኋቸው፤ በጣም የደበዘዙ ናቸው። ስላይዱን የምናደርቀው ለካ መስኮቱ ላይ ፀሐይ ውስጥ ነው። ነገ ጥላ ውስጥ አድርቄ፣ ጊምሳውንም አጣርቼ እንደገና አያለሁ። የሳልኩትንም ለመምህሬ አሳያለሁ። ግን ፕላትሌትን (ደም የሚያረጋውን ትንሽ የደም ክፍል) ከሪንግ (ቀለበት ከሚመስለው ወባ) እንዴት ነው የምለየው? እሱ አሁንም ያምታታኛል።

መልስ 2 (ሐረር)
ፕላትሌት ሐምራዊ ሮዝ ነው፣ ጠርዙ ጥርት አይልም፤ የተለየ ቀይ ነጥብና ሰማያዊ ቀለበት የለውም። ብዙ ጊዜም ተሰብስቦ ታገኚዋለሽ። ቲኑ ላይ መጀመሪያ ተለማመጂው፣ እዚያ ይቀላል።